የአሮጌ አይሱዙ ፍሬንና መሪ ሲያፈስ፦ ጎሚኒ መቀየር፣ ሙሉውን መቀየር ወይስ ያገለገለ መግዛት?

አሮጌ ኤንፒአር አይሱዙ የጭነት መኪና ያለው ሰው ፍሬኑ ማፍሰስ ሲጀምር በአንድ ቀን ሦስት ዓይነት ምክር ይሰማል። አንዱ «ጎሚኒ ብቻ ቀይር፣ ይበቃል» ይለዋል፤ ጎሚኒ ሲሊንደሩ ውስጥ ዘይቱን የሚያሽገው ላስቲክ ነው። ሌላው «ማስተሩ አልቆለታል፣ አዲስ ግዛ» ይላል፤ ማስተር ፔዳሉ ሲረገጥ የዘይቱን ግፊት የሚፈጥረው ዋናው ሲሊንደር ነው። ሦስተኛው ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ የመኪና ዕቃ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ከሌላ መኪና የተፈታ ኦሪጅናል ዕቃ እንዳለ ይጠቁመዋል። ሦስቱም ምክሮች ልክ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ችግሩ ብዙ ጊዜ ምርጫው የሚደረገው ዕቃው ሳይፈታ መሆኑ ነው።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። መጠገን ወይስ መቀየር የሚለውን የሚወስነው ከውስጥ ያለው ብረት ነው። ሲሊንደሩ ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ በብርሃን ሳይታይ ማንም ሰው፣ የፈለገ ጎበዝ መካኒክ ቢሆን፣ «ጎሚኒ ይበቃዋል» ሊል አይችልም። ዋጋ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

የማወራው በዘይት ግፊት ስለሚሰራና በቫኩም ሰርቮ (የእግርን ጉልበት በቫኩም በሚያግዝ ዕቃ) ስለሚታገዝ ፍሬን ነው። ከአሮጌዎቹ ኤንፒአርና ኤንኬአር አይሱዙዎች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። በአየር ፍሬን የሚሰሩ ከባድ መኪኖች ራሱን የቻለ ሌላ ጉዳይ ስለሆኑ እዚህ አልገባባቸውም። መሪውን ያነሳሁት ግን በምክንያት ነው። የፍሬን ማስተርና የመሪ ሳጥን በሾፌሩ በኩል ተቀራርበው ስለሚቀመጡ፣ መሬት ላይ የሚንጠባጠበው ዘይት የየትኛው እንደሆነ ያምታታል።

የሚፈሰው ምንድን ነው?

ማታ መኪናው የሚቆምበት ቦታ ላይ ንጹህ ካርቶን አንጥፉ። የፍሬን ዘይት ቀጭን ነው። አዲሱ ወደ ቢጫ ያደላል፣ የቆየው እንደ ሻይ ይጠቁራል። ቀለም የተቀባ ብረት ላይ ከፈሰሰ ቀለሙን ያነሳዋል። የመሪ ዘይት ብዙውን ጊዜ ቀይ ነው፤ ሲያረጅ ወደ ቡናማ ይሄዳል። የዲፈረንሻል ዘይት ወፍራምና ሽታው ከባድ ነው። የናፍጣ ሞተር ዘይት ጥቁር ስለሆነ ብዙም አያሳስትም።

ቀለሙ ካጠራጠራችሁ ውሃ ይፈርዳል። ብርጭቆ ውስጥ ንጹህ ውሃ አድርጉና ከፍሳሹ ጥቂት ጠብታ ጣሉበት፣ ከዚያ አማስሉት። ዶት 3 እና ዶት 4 የሚባሉት የፍሬን ዘይቶች ከውሃው ጋር ይዋሃዳሉ። የመሪ፣ የሞተርና የዲፈረንሻል ዘይት ግን ከላይ ይንሳፈፋል፣ የብርጭቆውም ጠርዝ ላይ ይለጠፋል።

ይህ ፈተና ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ለኋላ ጎማ ነው። ጎማው በውስጥ በኩል ሲረጥብ ሁሉም ሰው «ፍሬን ነው» ይላል። ነገር ግን የኋላው አክስል ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ ዘንጉን የሚያሽገው ላስቲክ) ሲያረጅ የዲፈረንሻል ዘይት በዚያው በኩል ወጥቶ ታምቡሩ (ከጎማው ጋር የሚዞረው የፍሬን ከበሮ) ውስጥ ይገባል። የጎማ ሲሊንደሩን (ሸራውን፣ ማለትም ታምቡሩን ፈትጎ የሚያቆመውን ልባስ፣ የሚገፋውን) ቀይራችሁ ፍሳሹ ካልቆመ ገንዘቡም ቀኑም ሄደ ማለት ነው። ከታምቡሩ ጀርባ ካለው ቆርቆሮ ታችኛው ጠርዝ ላይ ጠብታውን በጣታችሁ ወስዳችሁ ውሃው ላይ ጣሉት። ከተንሳፈፈ የሚቀየረው ፓራኦሊዮው ነው።

ሌላም የሚያሳስት አለ። ፍሪሲዮኑም (ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠው) የሚሰራው በዚያው በፍሬን ዘይት ነው። ከፔዳሎቹ አካባቢ የሚወርደው ዘይት የየትኛው ማስተር እንደሆነ ሳታረጋግጡ የፍሬኑን አትፍቱ። የሁለቱንም ቋት (የዘይት ማጠራቀሚያ) ደረጃ በማርከር ምልክት አድርጉና አንድ ቀን ከሰራችሁ በኋላ የቀነሰው የቱ እንደሆነ እዩ።

ፔዳሉን እመኑት

ሞተሩ እየሰራ ፔዳሉን ረግጣችሁ ያዙ። ቀስ እያለ ወደ ታች የሚሰምጥ ከሆነና የቋቱ ዘይት የማይቀንስ ከሆነ፣ ማስተሩ ውስጥ ያለው ጎሚኒ ዘይቱን ወደ ኋላ እያሳለፈ ነው። ከውጭ አንድም ጠብታ አታዩም። ይህ አደገኛው ዓይነት ነው፤ ምክንያቱም በፍጥነት ሲረግጡት የሚይዝ፣ ቀይ መብራት ላይ ቀስ ብለው ሲረግጡት ግን የሚሰምጥ ማስተር ብዙ ነው። ሾፌሩ ይለምደዋል። መልመድ ግን ጥገና አይደለም።

የሚለጠጥና የሚመለስ ፔዳል አየር ገብቶበታል። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲረገጥ ከፍ የሚል ፔዳል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሸራው ከታምቡሩ ርቋል ማለት ነው። ይሄኛው ማስተካከል እንጂ ዕቃ መግዛት አይፈልግም። «ፍሬን ያንሳል» ተብሎ ማስተር ከሚቀየርባቸው መኪኖች ውስጥ ሸራ ማስጠጋት ብቻ የሚበቃቸው እንዳሉ አትርሱ። ስለዚህ መጀመሪያ ሸራውን አስጠጉ፣ ከዚያ ፔዳሉን እንደገና ፍረዱት።

ታርማበርን ሲወርዱ ወይም ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርዱ የሚለሰልስና መኪናው ቆሞ ሲበርድ የሚመለስ ፔዳልስ? እሱ ፍሳሽ ላይሆን ይችላል። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ ውሃ ሲገባበት ግን መስፈርቱ ራሱ ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ያረጀው ዘይት ሲሊንደሩ ውስጥ ይፈላል፣ እንፋሎቱ ይታመቃል፣ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። መፍትሔው ዘይቱን ሙሉ በሙሉ መቀየርና በማርሽ መውረድ ነው። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው አልቆም ካለ ግን ዘይቱ ሳይሆን ሸራው ግሎ መያዝ አቅቶታል፣ አለዚያም ሰርቮው አልረዳም።

ዘይቱ እየቀነሰ የትም ጠብታ ካልታየ ደግሞ ማስተሩን ከሰርቮው ላይ ፈታ አድርጋችሁ መሃላቸውን እዩ። የማስተሩ የኋላ ጎሚኒ ሲያልቅ ዘይቱ ወደ ሰርቮው ሆድ ይገባል። እዚያ ተጠራቅሞ የሰርቮውን ላስቲክ ይጎዳል። ይባስ ብሎም ቫኩም ፓምፑ ስቦት ወደ ሞተር ዘይት ሊያስገባው ይችላል። እዚህ ደረጃ ከደረሰ ማስተሩን ብቻ መቀየር ግማሽ ሥራ ነው።

ሰርቮውን ያለ መሣሪያ መፈተን

ሞተሩን አጥፉና ፔዳሉ ድንጋይ እስኪሆን ደጋግማችሁ ርገጡት። አሁን ረግጣችሁ እንደያዛችሁ ሞተሩን አስነሱ። ፔዳሉ ከእግራችሁ ስር ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት። ዝቅ ካላለ ቫኩም አልደረሰውም ወይም ሰርቮው አልሰራም።

ቀጥሎ ሞተሩን ጥቂት አስሰርታችሁ አጥፉት። አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁና ርገጡ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ርግጫዎች ለስላሳ መሆን አለባቸው። ገና በመጀመሪያው ድንጋይ ከሆነ ቫኩሙ አምልጧል። ያመለጠው በሰርቮው ላስቲክ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፈው ቫልቭ ወይም በቱቦው ሊሆን ይችላል። ቱቦውና ቫልቩ ከሰርቮው ጋር ሲወዳደሩ በጣም ርካሽ ስለሆኑ ከእነሱ ጀምሩ። ቫልቩን አውጥታችሁ በአፋችሁ ንፉበት፤ በአንድ በኩል ካሳለፈ በሌላው መከልከል አለበት።

በመጨረሻ ሞተሩ እየሰራ ረግጣችሁ ያዙ፣ ሳትለቁ ሞተሩን አጥፉ፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆዩ። ፔዳሉ እግራችሁን ወደ ላይ ከገፋ ሰርቮው ከውስጥ ያስተነፍሳል። ረግጣችሁ ስትይዙ ካቢናው ውስጥ የማያቋርጥ «ስስስ» የሚል ድምፅ መስማትም ያው ነው።

እዚህ ላይ ጋራዥ ውስጥ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። ሰርቮ የሚሰራው በከባቢ አየር ግፊትና በቫኩሙ መሃል ባለው ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ባሕር ወለል ላይ 760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ የሆነው እዚህ 570 አካባቢ ነው። ስለዚህ የቫኩም ጌጅ (መለኪያ) ገጥማችሁ የጥገና መጽሐፉ 650 ወይም 700 ቢል፣ አዲስ አበባ ላይ የትኛውም ፓምፕ እዚያ ሊደርስ አይችልም። 500 ያሳየ ፓምፕ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። መጽሐፉን ብቻ አይታችሁ ጤነኛ ፓምፕ አትጣሉ። በተቃራኒው ደግሞ፣ ደጋ ላይ ሰርቮው ገና ከመጀመሪያው አቅሙ ስለሚያንስ ትንሽ ቀዳዳ እንኳ ቶሎ ይሰማል። ዝዋይ ላይ «ደህና ነው» የተባለ ሰርቮ ደብረ ብርሃን ላይ ሊከብድ የሚችለው ለዚህ ነው።

ቫኩም ፓምፑ በእነዚህ ሞተሮች ላይ ብዙውን ጊዜ ከዲናሞው ጀርባ ነው የተገጠመው፤ በሞተር ዘይት ይለሰልሳል። ዲናሞው በጥቁር ዘይት ከተለወሰ መጀመሪያ የዘይት መመለሻ ላስቲኩን እዩ፣ ቀጥሎ በፓምፑና በዲናሞው መሃል ያለውን ፓራኦሊዮ። ሁለቱም ትንሽ ዕቃ ናቸው። የፓምፑ ክንፎች አልቀው ቫኩም ካነሰ ግን ፓምፑን መቀየር ይሻላል። ቺንጋ ላልቶ ዲናሞው ሲንሸራተትም ቫኩም ይቀንሳል፤ መጀመሪያ ቺንጋውን አጥብቁ። ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ደግሞ ይህ ነው፦ ቁልቁለት ላይ ሞተር አጥፍቶ መውረድ በእንዲህ ዓይነት መኪና ራስን ፍሬን ማሳጣት ነው። ሞተሩ ከቆመ ፓምፑም ይቆማል፣ የሚቀረው በቱቦውና በቫኩም ማጠራቀሚያ ጋኑ ያለው ጥቂት ቫኩም ብቻ ነው።

የጎማ ሲሊንደር፦ ጎሚኒ፣ አዲስ ወይስ ቶርኖ?

ብዙው ገንዘብ የሚባክነውም፣ ብዙው ገንዘብ የሚተርፈውም እዚህ ነው።

ሲሊንደሩን ፈትታችሁ በንጹህ የፍሬን ዘይት ወይም በአልኮል እጠቡት። በናፍጣና በቤንዚን ማጠብ የተለመደ ነው፤ አደራ እሱን ተዉት። የፍሬን ጎሚኒ የሚሰራበት ላስቲክ የፍሬን ዘይትን ይችላል፣ የነዳጅ ዘር ግን አይችልም። ትንሽ ናፍጣ የነካው ጎሚኒ ያብጣል፣ ከንፈሩ ይለሰልሳል። ቋቱ ውስጥ በስህተት የመሪ ወይም የሞተር ዘይት የተጨመረበት መኪና ካጋጠማችሁ የቋቱን ክዳን ላስቲክ እዩ። አብጦ፣ ተጠማዞ፣ ወደ ቦታው አልገባም ይላል። ያ መኪና ላይ አንድ ሲሊንደር መጠገን ዋጋ የለውም። ከማስተሩ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ቱቦ ድረስ ላስቲክ የሆነ ሁሉ ይቀየራል፣ የብረት ቱቦዎቹም ይታጠባሉ።

ከታጠበ በኋላ ውስጡን በባትሪ መብራት እዩት። ጥቁር ወይም ቡናማ እድፍ ብቻውን አያስፈራም። ጥፍራችሁን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጎትቱ። የትም ካልያዘው ቁጥሩ ከፍ ባለ ለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት፣ በፍሬን ዘይት እያረጠባችሁ፣ ዙሪያውን አዙራችሁ አጽዱት። በቁመቱ አትፈግፍጉ፤ በቁመት የተጫረ መስመር ለዘይቱ መንገድ ይሆነዋል። እንዲህ ያለው ሲሊንደር ጥሩ ኪት (የጎሚኒዎች ስብስብ) ከተገጠመለት ከአዲስ አያንስም። እኔ ንጹህ ብረት ያለውን ኦሪጅናል ሲሊንደር በኪት መጠገንን፣ አምራቹ ካልታወቀ አዲስ ሲሊንደር አስበልጣለሁ።

ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ ግን ነገሩ አለቀ። ጉድጓዱ ብዙውን ጊዜ ከታች በኩል ነው፣ ዘይቱ የሳበው ውሃ የሚተኛበት ቦታ። አዲስ ጎሚኒ ለጥቂት ጊዜ ይይዛል፣ ከዚያ ጉድጓዱ ከንፈሩን ይበላዋል። እዚህ ላይ ኪት መግጠም ቁጠባ አይደለም፤ ያንኑ ሥራ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው፣ ሸራውንም ጨምሮ።

ቶርኖ (ብረት መቅረጫ) ቤት ወስዶ ውስጡን አስፍቶ በልኩ የናስ ወይም የማይዝግ ብረት ቡሽ ማስገባት ይቻላል። ሥራው ሲጠራ ለዓመታት ይቆያል። ዕቃው ገበያ ላይ ሲጠፋ ጥሩ አማራጭ ነው፣ ግን ውስጡ በመጀመሪያው ልክ መመለሱን ለክታችሁ ተቀበሉ። የማልቀበለው አስፍቶ ትልቅ ጎሚኒ መግጠምን ነው። የሲሊንደሩ ስፋት ሲጨምር የዚያ ጎማ ፍሬን ከጓደኛው ይበረታል። መኪናው ሲረገጥ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል፣ ዝናብ ላይ ደግሞ ይዞራል።

ያገለገለ የጎማ ሲሊንደር አልመክርም። ውስጡ ካልታየ የሰውን ችግር መግዛት ነው፤ ውስጡን ለማየት ከፈታችሁት ደግሞ ኪት መግዛታችሁ አይቀርም።

አንድ ነገር መካኒክን ያለጥፋቱ ያስወቅሳል። ሸራ በተቀየረ በሳምንቱ ሲሊንደሩ ማፍሰስ ይጀምራል። ሸራው እያለቀ ሲሄድ ፒስተኖቹ ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ ከኋላቸው ያለው ብረት ላይ ዝገትና ቆሻሻ ይጠራቀማል። አዲሱ ወፍራም ሸራ ፒስተኖቹን ወደዚያ ቦታ መልሶ ይገፋቸዋል። ስለዚህ ሸራ ስትቀይሩ የሲሊንደሩን አቧራ መከላከያ ላስቲክ ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። ስሩ እርጥብ ከሆነ አብራችሁ ሥሩት።

ዘይት የጠጣ ሸራ ይጣላል። ቤንዚን አርከፍክፎ ማቃጠል ላዩን ብቻ ያደርቀዋል፤ ታምቡሩ ሲግል ከውስጥ ያለው ይወጣል። የምትቀይሩትም በግራም በቀኝም ነው። የታምቡሩን አቧራ በኮምፕሬሰር አትንፉ፣ አሮጌ ሸራዎች አስቤስቶስ ሊኖራቸው ይችላል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

ማስተር

ፍርዱ ያው ነው፤ ውስጡን እዩ። ሁለት ልዩነት ግን አለው። አሉሚኒየም ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት አይነካም፣ ላዩ ላይ ያለው ስስ ጠንካራ ሽፋን ከተነሳ ቶሎ ይበላል። ሁለተኛ፣ የጎማ ሲሊንደር ቢፈነዳ ባለሁለት ክፍል ማስተር ያላቸው መኪኖች ግማሽ ፍሬን ይተርፋቸዋል። ማስተሩ ራሱ ከከዳ ግን የሚተርፈው ትንሽ ነው። ስለዚህ ሲሊንደር ላይ «ልሞክረው» የምለውን ጭረት ማስተር ላይ አላልፈውም። ከተጠራጠራችሁ አዲስ ግዙ። ያገለገለ ማስተር መግጠም ግን በምንም ሂሳብ አይዋጥልኝም።

አየር ስታስወጡም ተጠንቀቁ። ረዳቱ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ሲረግጥ የማስተሩ ጎሚኒዎች በዘወትር ሥራ ደርሰውበት ወደማያውቁት ዝገት ያለበት ቦታ ይገባሉ፣ ከንፈራቸው ይቀደዳል። ከፔዳሉ ስር ቁራጭ እንጨት አድርጉ። «አየር ካስወጣሁ በኋላ ማስተሩ ሞተ» የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ከማስተሩ ከሚርቀው ጎማ ጀምራችሁ አስወጡ። የወጣውን ዘይት መልሳችሁ ቋቱ ውስጥ አትጨምሩ።

ሰርቮ

ላስቲኩ የተቀደደ ሰርቮ ሊጠገን ይችላል፣ ግን ውስጡ ኃይለኛ ሞላ አለ። መክፈቻ መሣሪያ በሌለበት ጋራዥ በመዶሻ የሚከፈት ሰርቮ ሰው ይጎዳል፣ ቆርቆሮውም ተጣሞ ተመልሶ አይገጥምም። ሰርቮ ብቻ የሚሰራ ባለሙያ ካገኛችሁና ኪቱ የመኪናችሁ ከሆነ አሰሩት። ካልሆነ እዚህ ላይ ያገለገለ ዕቃን አልቃወምም። ሰርቮ ከመግዛት በፊት ሊፈተን የሚችል ዕቃ ነው። ቫኩም ስጡት፣ ቱቦውን ዝጉ፣ ጌጁ ቆሞ ከቀረ ይዟል። ማስተሩ የሚገባበትን ቀዳዳም በነጭ ጨርቅ ጥረጉ፤ የፍሬን ዘይት ካወጣ ተዉት።

የትኛውንም ብትገጥሙ ከሰርቮው ወደ ማስተሩ የሚገባው ዘንግ ርዝመት ይለካል። ከረዘመ ማስተሩ ሙሉ በሙሉ አይመለስም፣ ፍሬኑ እየያዘ ይሄዳል። ጥርጣሬው ካለ ጎማዎቹ ይዘው ሳሉ ማስተሩን ከሰርቮው የሚያስሩትን ዳዶዎች ትንሽ ፈታ አድርጉ። ጎማው ወዲያው ከለቀቀ ጥፋቱ የዘንጉ ነው።

ቱቦዎች

የብረት ቱቦ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ጠጠር መንገድ የሚሰራ መኪና ላይ ቱቦው የሚያልቀው ማሰሪያው ላልቶ ከሻሲው ጋር ሲፋተግ ነው። የተጎዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ በፍሬን ቱቦ ይቀየራል፣ ጫፉም በድርብ እጥፍ ይሰራል። የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ቱቦ ለመጠምዘዝ ይመቻል፣ አይዝግም። የፍሪጅ መዳብ ግን ለዚህ አልተሰራም፤ ንዝረት ሲበዛበት ይደርቅና ይሰነጠቃል። መበየድ፣ ላስቲክ አልብሶ በማሰሪያ መጠፈር፣ እነዚህን ጭራሽ አታስቡ።

የላስቲክ ቱቦ በጥንድ ይቀየራል። ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ያበጠ ቱቦ ዘይቱን አሳልፎ አይመልስም፤ ያ ጎማ ብቻ እየጋለ ይሄዳል። ሲሊንደር ከመወንጀል በፊት የዚያን ጎማ የአየር ማስወጫ ክፈቱ። ግፊቱ ወጥቶ ጎማው ከለቀቀ ቱቦውን ጠርጥሩ።

መንገድ ላይ የፈነዳ ቱቦ አጥፎ በፒንሳ ጨምቆ መቀጠል የሚታይ ልማድ ነው። መኪናውን ከመንገድ ለማንሳት ካልሆነ በቀር፣ ጭነት ይዞ እንዲህ መሄድ የራስን ብቻ ሳይሆን የሰውንም ሕይወት መያዝ ነው።

መሪ

መሪው በብዛት የሚያፈስባቸው ቦታዎች አራት ናቸው፦ የፓምፑ ፓራኦሊዮ፣ የግፊት ቱቦው፣ የመመለሻ ቱቦውና የመሪ ሳጥኑ የታችኛው ዘንግ። ሁሉንም አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ሞተሩን አስነስታችሁ ረዳቱ መሪውን ሲያዞር እዩ። ፍሳሹን በእጅ አትፈልጉ። የግፊት ቱቦው መሪው ጥግ ሲደርስ ከ70 ባር በላይ ሊይዝ ይችላል፤ ከመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ይህ ደግሞ በአስቸኳይ ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ጉዳት ነው። ካርቶን አስጠግታችሁ ፈትሹ።

የመመለሻ ቱቦው ዝቅተኛ ግፊት ስለሆነ ዘይት የሚችል ላስቲክና ጥሩ ማሰሪያ ይበቃዋል። የግፊት ቱቦው ግን ወይ አዲስ፣ ወይ ለግፊቱ በሚመጥን ላስቲክ ሃይድሮሊክ ቱቦ የሚጨምቁ ቤቶች ዘንድ ይሰራል። የናፍጣ ላስቲክ በማሰሪያ አይሆንም፤ ዘይቱ የጋለ ጭስ ማውጫ ላይ ከተረጨ እሳት ያስነሳል።

የሳጥኑ ፓራኦሊዮ ላይ እንደገና ብረቱ ይወስናል። ከሳጥኑ ስር የሚወጣውን ክንድ በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅንቁት። ዘንጉ ሳጥኑ ውስጥ የሚጫወት ከሆነ አዲስ ፓራኦሊዮ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ማረፊያው አብሮ ይቀየራል ወይም ሳጥኑ በደህና ይተካል። ካልተጫወተ ፓራኦሊዮ ብቻ ይበቃል። ፍሳሽ ያቆማሉ የሚባሉት ተጨማሪ ዘይቶች ላስቲኩን አሳብጠው ጊዜ ይገዛሉ። የሚንጠባጠብ መሪ ላይ ብትሞክሩት አልቃወምም። የፍሬን ቋት አጠገብ ግን እንዳይደርሱ።

አየሩን ለማስወጣት የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንሱ፣ በድጋፍ ላይ አስቀምጡ፣ ለኋላዎቹ ታኮ አድርጉ። ሞተሩ እንደጠፋ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ ደጋግማችሁ አዙሩ፣ ከዚያ አስነስታችሁ ድገሙት። ጥግ ላይ ይዛችሁ አትቆዩ።

ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ

መሪው ላይ በቀን ጥቂት ጠብታ ያለው ፓራኦሊዮ፣ ደረጃውን እያያችሁ ከሞላችሁለት፣ ጥቂት ይጠብቃል። የፍሬን ዘይት ፍሳሽ ግን አንድም ቀን አይጠብቅም። የሚያስተነፍስ ሰርቮ ያለው መኪናም ጭኖ ዓባይ በረሃ መውረድ የለበትም። ካላችሁ ገንዘብ መጀመሪያ ማስተሩን፣ ቀጥሎ የላስቲክ ቱቦዎቹን፣ ከዚያ የሚያፈሰውን አክስል በግራም በቀኝም ጨርሱ። አንድ ጎማ ሰርቶ ጓደኛውን መተው ገንዘብ ይቆጥባል መስሏችሁ እንዳትሳሳቱ፤ ሁለቱ እኩል ዕድሜ አላቸው።

ዕቃ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ለአንድ ሞዴል የተለያየ ስፋት ያለው ሲሊንደር ሊኖር ይችላል፣ ስፋቱም ብዙ ጊዜ ሰውነቱ ላይ ተጽፏል። ጎሚኒውን በጣታችሁ እጠፉት። የተሰነጠቀ ወይም የደረቀ ከንፈር ያለው ኪት ማሸጊያው ምንም ቢያምር አይገዛ። የፍሬን ዘይት የታሸገ ብቻ ግዙ፤ ተከፍቶ የከረመ ጣሳ እርጥበት ጠጥቷል።

ሥራው ሲያልቅ ሞተሩ እየሰራ አንድ ሰው ፔዳሉን በሙሉ ኃይሉ ለአንድ ደቂቃ ይያዝ፣ ሌላው በባትሪ መብራት እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ይይ። ቀጥሎ ባዶውን ሜዳ ላይ ንዱት፣ ቆማችሁ ታምቡሮቹን ሳትነኩ የእጃችሁን ጀርባ አስጠግታችሁ ሙቀታቸውን አወዳድሩ። ከሌሎቹ የጋለው ወይ ይዟል፣ ወይ ሸራው ተጠግቷል። በማግስቱ ጠዋት የቋቱን ምልክት እዩ፣ በሳምንቱም ድገሙት። የመጀመሪያው ጭነት ቁልቁለት የሌለበት መንገድ ይሁን።